የሟቹ ዳይሬክተር አዲስ ሥራዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን 2078 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ሀሴት ተክሉ የወንድሟን ፊልም እያየች ሳለ መሳቅ የሌለባት ሴት ሳቀች።

ሀሴት ወደ ኋላ መለሰችው። ሴትዮዋ አሁንም ሳቀች፤ ጥርሷ በደንብ ታየ፤ ከዚያ ምስሉ ተቆርጦ ወደ ሰማዩ ሄደ።

ፊልሙ «የመቂው አውቶቡስ» ይባላል። ኢዮስያስ ተክሉ በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ የሠራው ብቸኛ ፊልም ነው። አንድ አውቶቡስ መቂ አጠገብ ይበላሻል፤ ተሳፋሪዎቹ መለዋወጫ እስኪመጣ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። በመካከሉ ብሌን የምትባል ትኬት ቆራጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ፣ ምስሉ ሳይቆረጥ፣ ሰባት ደቂቃ። ብሌን ተዋናይ አልነበረችም፤ የእውነት ትኬት ቆራጭ ነበረች። ኢዮስያስ «ምንም አትሥሪ» ሲላት በእርግጥም ምንም ያልሠራች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ኢዮስያስ ስለ ሌላው ሥራው ሲያወሩለት ወሬ ይቀይር ነበር፤ ስለ ሰባቱ ደቂቃ ሲያወሩለት ግን ወንበሩን ያስጠጋ ነበር።

መጋቢት ላይ ሰባቱ ደቂቃ አምስት ሆነ። ሰኔ ላይ ሦስት። ሀሴት ሁለቱንም ጊዜ ለዳይሬክተሮች መዝገብ ቤት አመልክታ «አቤቱታዎ ደርሶናል» የሚል መልስ አግኝታለች። አሁን በሦስተኛው እርማት አርባ ሰከንድ ሆኗል፤ ያውም ከነሳቁ።

ኢዮስያስ ከሞተ አሥር ወር ከሃያ አንድ ቀን ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መቶ አርባ ስድስት ማስታወቂያዎችና አሥራ ዘጠኝ የሙዚቃ ክሊፖች ሠርቷል።

በዚህ የሚገረም ሰው የለም። ዳይሬክተር ሲመዘገብ እጁም አብሮ ይመዘገባል፤ የት እንደሚቆርጥ፣ ለተዋናይ ምን እንደሚል፣ ብርሃኑን ከየት እንደሚያመጣ። ሰውየው ሲሞት ያ የተመዘገበው እጅ ሥራውን ይቀጥላል፤ ያልተዘጋውንም እያረመ ያወጣል። ውሉ ለሠላሳ ዓመት ነው። ሀሴት ከኢዮስያስ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በረዳት ዳይሬክተርነት ስለሠራች ውሉን ታውቀዋለች፤ እሱ ሲፈርም እስክሪብቶውን ያቀበለችው እሷ ነች። የማስታወቂያ ሥራ የሚሰጠው ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነበር፤ ፊልሙ የሚሠራው ደግሞ ከማስታወቂያው በተረፈ ጊዜ ነበር።

የማትለምደው የሰዉን ነገር ነው። የጎረቤቷን፣ የእድሩን ጸሐፊ የወይዘሮ ሶልያናን ለምሳሌ።

«ወንድምሽ የትናንቱን የዘይት ማስታወቂያ እንዴት አድርጎ ነው የሠራው፣ ባክሽ? አለቀስኩልሽ።»

«ሞቷል እኮ፣ ሶሊ።»

«እሱማ አዎ፣ ነፍሱን ይማረው። ግን ምንም አላረጀም።»

አንድ ዘፋኝ ደግሞ በጠዋት ደውሎ ክሊፑ ላይ ፊቱ እንደጠቆረበት ተናግሯል። «ንገሪው እንጂ፤ እህቱ አይደለሽ?» ነው ያላት።

ሀሴት ለሙት ዓመቱ ፊልሙን ለዘመድ ወዳጅ ለማሳየት አስባ ነበር፤ የዚያን ቀን የከፈተችውም ለዚሁ ነው። ቤት ያለው ቅጂ ከመዝገቡ ጋር አብሮ ስለሚታረም በእጇ የቀረ ያልተነካ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ቅጂ ያለው በመዝገብ ቤቱ ግምጃ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም አራተኛው እርማት ሲወጣ ይሰረዛል። አራተኛው እርማት ታኅሣሥ 20 ነው። ሙት ዓመቱም በዚያው ቀን ነው።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

የዳይሬክተሮች መዝገብ ቤት ካዛንቺስ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት መስኮቶች አሉት፤ አንዱ በሕይወት ላሉ፣ አንዱ ለሞቱ፣ አንዱ ሞተው በሥራ ላይ ላሉ። ረጅሙ ሰልፍ የሦስተኛው ነበር። ሰልፈኛው ቤተሰብ ነው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም። አንዲት ሴትዮ አባቷ በቅርቡ የቢራ ማስታወቂያ መሥራት እንደጀመረና በሕይወቱ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንደነበር ለማንም ለሚሰማት ትናገር ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ኬብሮን የሚባል ረጋ ያለ ሠራተኛ ተቀበላት።

«ፊልሙ እንዲዘጋ ነው የፈለጉት?»

«እንዲተዉት ነው የፈለግኩት።»

«መተው የሚባል አገልግሎት የለንም። መዝጋት ነው ያለን።»

«እሺ፣ ይዘጋ።»

«ያላለቀ ሥራ አይዘጋም።»

«ከስምንት ዓመት በፊት ሲኒማ ቤት የታየ ፊልም እኮ ነው።»

ኬብሮን ቅጹ የሚታይበትን ሰሌዳ ወደ እሷ አዞረላት። «ሥራው አልቋል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት፣ በወንድሟ ጥምልምል የእጅ ጽሑፍ፣ «ገና» ተብሎ ተጽፏል።

ሀሴት ሳታስበው ሳቀች። ሳቋም ቶሎ ወደ ንዴት ተለወጠ። በእነሱ ቡድን «አለቀ» ተብሎ አይጻፍም። ከሃያ ዓመት በፊት ድምፅ ቀራጩ በአንድ ቀረጻ የመጨረሻ ቀን ሰሌዳ ላይ «አለቀ» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀረጻውን የያዘው መኪና ማታውኑ ዱከም ላይ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ቀረጻ ሲጠናቀቅ እንኳን «ለዛሬ ይብቃን» ነው የሚባለው። ፊልሙ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ሄዶም «አልቋል?» ተብሎ ሲጠየቅ የኢዮስያስ መልስ «ገና ነው» ነበር። ማስታወቂያ ሲሆን አለቀ የሚለው ደንበኛው ስለሆነ ጣጣ የለውም። እና ይህ ሰው፣ ቅጽ ላይ፣ የመንግሥት ቅጽ ላይ፣ ያንኑ ጻፈው።

«ይሄ ልማድ ነው፣ ወንድሜ። ክፉ ነገር እንዳይመጣ የሚባል ነገር ነው።»

«ገባኝ፣ ወይዘሮ ሀሴት። እኛ ግን የተጻፈውን ነው የምናየው። ገና ያለ ዳይሬክተር ሥራውን እየሠራ ነው።»

«ማን ሊቀይረው ይችላል?»

«ዳይሬክተሩ።»

«ሞቷል።»

«በሥራ ላይ ናቸው። ሊያናግሯቸው ከፈለጉ ክፍል አራት አሁን ክፍት ነው።»

ሀሴት እጁን አናግራው አታውቅም ነበር። አሥር ወር ሙሉ ሸሽታለች። ክፍል አራት አንድ ወንበርና ባዶ ግድግዳ ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። እንደተቀመጠች ድምፁ መጣ።

«ሀሲ። ምሳ በላሽ?»

ይህን ነበር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቃት።

«ጋሼ፣ ብሌን ለምንድን ነው የሳቀችው?»

«ሰባት ደቂቃ ማን ቁጭ ይልልሻል? በአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ሰው መነሳት ይጀምራል።»

«የሚነሳ ይነሳ ብለህ ነበር።»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመትህ ነበር።»

ዝም አለ። ዝምታው ሳይቀር የሱ ነበር፤ ልክ በዚያው ርዝመት።

«እስቲ አልቋል በል፣ ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ገና ነው፣ እመቤቴ። ትንሽ ታገሺኝ፤ የሚያስደስትሽ ነገር ይወጣዋል።»

ሀሴት ወንበሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ኢዮስያስ ሁለት ድምፅ ነበረው። አንደኛው ለሰው፤ ሻካራ ነው፣ ይሳደባል። ሁለተኛው ለደንበኛ፤ ለስለስ ይላል፣ «እመቤቴ» ይላል፣ «የሚያስደስትዎ ነገር ይወጣዋል» ይላል። አሁን የሚያናግራት ሁለተኛው ነው። ነገሩ ሲታይ አይገርምም። ወንድሟ በሕይወቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወቂያ፣ ስልሳ ሦስት ክሊፕና አንድ ፊልም ሠርቷል። እጁን ያሠለጠኑት እነዚያ ናቸው። አንዱ ፊልም ከአራት መቶው መሀል የት አባቱ ይታያል?

«በላሁ፣ ጋሼ» ብላ ወጣች፤ ምሳ አልበላችም።

አቤኔዘርን ጉለሌ ሱቁ ውስጥ አገኘችው። ሰባቱን ደቂቃ የቀረጸው እሱ ነው። ማንም የማይጠቀምባቸውን ሌንሶች እያጸዳ ይውላል፤ ሲናደድ ያጸዳቸዋል፣ ሲብስበት መልሶ ያጸዳቸዋል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«እኔ ያን ቀን ሽንቴን ወጥሮኝ ነው ሰባት ደቂቃ የቆምኩት» አለ አቤኔዘር። «ሽንቴን። አሁን አርባ ሰከንድ ሆነ ትይኛለሽ።»

«ከነሳቁ።»

«ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ የሚነካው አልነበረም እኮ። ያቺን የብስኩት ማስታወቂያ አታስታውሻትም? ልጅቷ በግራ እጇ ጀምራ በቀኝ የምትጨርሰው? ስንት ጊዜ እናርም ብለን ለመንን። ደንበኛው ገዝቶታል፣ የሱ ነው፣ አንድ ፍሬም ብትነኩ ፍርድ ቤት እንገናኛለን አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለት እጇን እያምታታች ትበላለች። ስህተት የሆነው ሁሉ ተጠብቆ፣ ደህናው ይላጣል።»

ሀሴት ሌንስ የሚያጸዳበትን እጁን ያዘችው።

«ምነው?» አለ።

«ደንበኛ ብንፈልግለትስ?»

«ለምኑ?»

«ለፊልሙ። ማስታወቂያ ነው ብሎ የሚገዛው።»

አቤኔዘር ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ሀሴት፣ ጤነኛ ነሽ? በመዝገቡ ላይ ከፊልም ዓምድ ይወጣል እኮ። ሰውየው ማስታወቂያ ሲሠራ ኖሮ ማስታወቂያ ሲሠራ ሞተ ይባላል። አንዲት ፊልም አለችኝ ብሎ ነው ያን ሁሉ ሳሙናና ዘይት የቻለው።»

«ብሌን እንድትስቅ ነው የምትፈልገው?»

«እኔ ምንም አልፈልግም። ሞቶም አሳረፋችሁት ወይ ነው የምለው» አለና ሌንሱን እንደገና ማጸዳት ጀመረ።

ኬብሮን ደንቡን አገላብጦ አየና የሚከለክል ነገር እንደሌለ ነገራት። ሥራው በደንበኛ ከተገዛ ማስታወቂያ ነው፤ ርዝመት አይጠየቅም። የሚያስፈልገው ደንበኛ ብቻ ነው።

ደንበኛ ፍለጋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ የአውቶቡስ ድርጅት የተበላሸ አውቶቡስ ማስታወቂያ ገዝቶ እንደማያውቅና ወደፊትም እንደማያስብ ገለጸላት። የጎማ አስመጪው ተስማምቶ ነበር፤ ብልሽቱ ከሞተር ወደ ጎማ ይዛወርልኝ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ የተበላሸው የተፎካካሪው ጎማ መሆኑ ይታይልኝ አለ። የታሸገ ውሃ የሚሸጡት ብሌን እጅ ላይ ጠርሙስ ጠየቁ። ጠርሙሱን ከያዘች ደግሞ ብትስቅ ጥሩ ነው አሉ።

ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ረቡዕ፣ ሀሴት ለሙት ዓመቱ ድንኳንና ወንበር ለማስያዝ ወደ ሶልያና ቤት ሄደች። ሶልያና የእድሩን መዝገብ ገልጣ፣ ወጣቱ አልመዘገብ ብሎ እድሩ ሊዘጋ ምንም እንዳልቀረው፣ ማስታወቂያ እናስነግር ብላ ለሊቀመንበሩ ብትነግር እንዳልሰማት፣ አንድ ባንድ ዘረዘረችላት።

ሀሴት የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሶሊ፣ ምን ያህል ርዝመት ያለው ማስታወቂያ ነው የፈለጋችሁት?»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14፣ የቀበና ምሥራቅ መረዳጃ እድር አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ማክቤል ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ለሚጠቅማቸው ግን ይሰማል።

«እድር ማስታወቂያ አስነግሮ አያውቅም» አሉ። «ሰው መሞቱን መቼ አቆመና?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ።

«መሞቱንማ አላቆመም» አለች ሶልያና። «ከኛ ጋር መሞቱን ነው ያቆመው። ዘንድሮ የገባው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አድራሻ ተሳስቶ ነው።»

«ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ጠየቀ አንድ አባል።

«አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት» አለች ሀሴት።

ጉምጉምታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«በማስታወቂያው ውስጥ ድንኳኑ የት ጋ ነው የሚታየው?» አለ ያው ሰውዬ።

«ድንኳን የለበትም።»

«ወንበሩስ?»

«ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

«ድንጋይ ላይ ለስንት ሰዓት?»

«ብሌን ብቻዋን ሰባት ደቂቃ ትቀመጣለች።»

ጋሽ ማክቤል አገጫቸውን አሹ። «ሰው ድንጋይ ላይ ያን ያህል ሲቀመጥ ያየ ተመልካች የኛን ወንበር መናፈቁ አይቀርም» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ማንም ስላልገባው ሰዉ አልሳቀም። ቀጥለው ወደ ሀሴት ዞሩ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪን። ይሄ ማስታወቂያ አይደለም።»

«አይደለም፣ ጋሽ ማክቤል።»

«ታዲያ ለምን እንገዛዋለን?»

«ወንድሜ በሞተ ጊዜ ሬሳውን አነሳችሁልኝ፤ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ተቀመጣችሁ» አለች። «እሱ ግን አልተቀበረም። በየሳምንቱ ሦስት ማስታወቂያ ይሠራል። እሱን ልታስቆሙልኝ አትችሉም፤ እኔም አልጠይቃችሁም። ይቺ አንዷ ሥራው ግን ልክ እሱ እንደተዋት እንድትቀመጥለት እፈልጋለሁ። የተገዛ ነገር ካልሆነ በቀር የሚያከብርልኝ አላገኘሁም።»

እጅ እንዲወጣ ተደረገ። ከስልሳ አንድ ሰው አርባ ሦስቱ ደገፉ። ዋጋው ለሙት ዓመቱ የሚተከለው ድንኳንና መቶ ወንበር እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ቅድመ ሁኔታም ተጨመረ፤ በመጨረሻው የእድሩ ስምና ስልክ ለአሥር ሰከንድ እንዲታይ። ሀሴት ሦስት አለች። እነሱ ስምንት አሉ። በአምስት ተስማሙ። ኢዮስያስ በሕይወቱ ከደንበኛ ጋር በዚህ ዓይነት ሲከራከር እሷ ማስታወሻ እየያዘች አጠገቡ ትቀመጥ ስለነበር፣ መጀመሪያ በሦስት መጀመር እንዳለባት ታውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ማክቤል የእድሩን ማኅተም በኪሳቸው ይዘው አብረዋት ካዛንቺስ ሄዱ። አቤኔዘር በር ላይ ጠበቃቸው። ሰላምታ አልሰጣትም። የእድሩን ስም የሚያሳየውን አምስት ሰከንድ ቀርጾ አምጥቷል፤ በድንኳኑ ሸራ ላይ በቀለም የተጻፈ ስምና ቁጥር፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም። «ሌላ ሰው ከሚያበላሸው» አለ ብቻ።

«የትኛውን እርማት ነው የገዛችሁት?» አለ ኬብሮን።

«የመጀመሪያውን» አለች ሀሴት።

«ሦስት ጊዜ የተሻሻለ አለ እኮ። ደንበኛው አሮጌውን ነው የመረጡት?»

«አሮጌውን ነው» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«ደንበኛው ካሉ እንግዲህ» አለ ኬብሮን፤ ጣቶቹም ወዲያው መሥራት ጀመሩ። ዘጠኝ ወር ያልተንቀሳቀሰው ነገር በአራት ደቂቃ ተንቀሳቀሰ።

ጋሽ ማክቤል ቅጹን አስጠግተው አነበቡ። «ሥራው አልቋል ወይ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

አቤኔዘር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አልቋል ብለው ይጻፉ» አለች ሀሴት።

ጽፈው ማኅተሙን አሳረፉበት። ኬብሮን የታደሰውን የሥራ ሕይወት መግለጫ አትሞ ሰጣት። «ኢዮስያስ ተክሉ። በሕይወት ሳሉ የተሠሩ፦ ማስታወቂያ 413። ክሊፕ 63። ፊልም የለም።» ሀሴት ሊፍቱ እስኪመጣ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻዋን ቃል የሚሸፍን ነገር ብታገኝ ትለጥፍባት ነበር። አቤኔዘር አጠገቧ ቆሞ በትከሻዋ ላይ አነበበ፤ ሊፍቱ ሲከፈት በሩን ያዘላት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20፣ ፊልሙ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ታየ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ከድሮው ቡድን ዘጠኝ ሰው ነበር። ብሌን ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ ሀሴት ሰዓቷን አየች። አንደኛው ደቂቃ አለፈ። በሁለተኛው ሦስት ሰዎች ተነስተው ወጡ፤ እጁ እንዳለው። በአራተኛው አንዱ ተመልሶ ቆሞ ማየት ጀመረ። አንድ ሰው አሳለ። የጋሽ ማክቤል ወንበር ሲጢጥ አለ። ሶልያና ወደ ሀሴት ጎንበስ አለች።

«ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

«መለዋወጫ።»

«እሱን አውቄያለሁ» አለች ሶልያና፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰባተኛው ደቂቃ አልተናገረችም። ብሌን አልሳቀችም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሰው ሳይበተን፣ የኢዮስያስ እጅ አዲስ የዱቄት ወተት ማስታወቂያ አወጣ፤ ሁለት እንግዶች ለሀሴት ሊያሳዩዋት ፈልገው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ዳይሬክተሮች የቀበና ምሥራቅ መረዳጃ እድር አባል ለመሆን አመለከቱ፤ አራቱ ቀበና ኖረው አያውቁም ነበር። እድሩ ዛሬ አሥራ አራት ማስታወቂያዎች አሉት። አጭሩ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።